ቀን ሙሉ የሚበራው አምፖል

«ግቢ፣ ግቢ የኔ እህት፤ ቆመሽ አትቅሪ! ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? የምትሠሪበት የዳቦ ቤት ሙቀት ተስማማው? ተመስገን ነው። ቀሚስሽማ የቀረው ጫፉ ብቻ ነው...»

ልብስ ሰፊዋ እናት ለጎረቤቷ ወንበር ሳበችላት። እሷና የስፌት መኪናዋ ያሉት መስኮት በሌላት ጓዳ ውስጥ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ሳሎኑ አለ፤ የበኩር ልጇ ጋዜጣ ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ከራስጌው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የቁም መብራቱ ቦግ ብሎ ይበራል። እናት ድምፅዋን አልቀነሰችም።

«ጨለማው አያስፈራሽ፤ ዳበስ አድርገሽ ተቀመጪ። የጠረጴዛ መብራቴ? አለ እኮ! አምፖሉ ነው የሌለው። ኧረ ማንም አልበደለኝም! አንድ የተማረ ሰው፣ ‹ይሄ አሮጌ አምፖል ቤት ያራቁታል› ብሎ ነቀለልኝ። እውነቱን ነው... አሮጌ ነገር ቦታ ይይዛል እንጂ ምን ይረባል?

አዲሱ፣ ኃይል ቆጣቢው፣ አንድ ብቻ ተገዝቷል። ሳሎን ነው ያለው። ጎህ ሲቀድ ይበራል፣ አይጠፋም። ለምን አትይኝም? ብዙ በበራ ቁጥር ብዙ ይቆጥባላ! እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥሁት ይሄን በየት አውቄው? በቆጠበው ደግሞ ለኔ ሌላ ይገዛልኛል ተብሏል። ይኸው ክረምቱ አለፈ፤ እሱም ይቆጥባል፣ እኔም እጠብቃለሁ። መጽሐፉ ‹መብራት አብርቶ ከእንቅብ በታች የሚያኖር የለም› ይላል፤ ከፀሐይ በታች ስለሚያኖር ግን ምንም አላለ። ታዲያ ምን ክፋት አለው?»

ከመጋረጃው ወዲያ ጋዜጣው ተንኮሻኮሸ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ? እኔም ቀስ በቀስ በዳበሳ መሄዱን ለመድሁት። የመርፌውን ቀዳዳ በምላሴ ነው የምፈልገው። የማታ ጸሎቴንም ከመጽሐፍ ማንበብ ትቼ በቃሌ እላለሁ፤ የዘለልሁትን እሱ ፈጣሪ ይሞላልኛል። ደንበኞቼ ጠማማ ስፌት ሰልችቷቸው ሌላ ሰፊ ማየት ጀምረዋል... ይመቻቸው፣ ምን ይደረጋል?

ሰሞኑን ደግሞ... የአንድ ሰው የቢሮ ሸሚዝ ስጠግን፣ የእጅጌውን ጫፍ ከጫፍ ገጥሜ ሰፍቼው ኖሯል። በማግስቱ ጠዋት እጁን ቢሰድ፣ ቢሰድ፣ መውጫ የለም! ግን እንዴት ያለ ጨዋ መሰለሽ? አልተቆጣም። ‹ዓይንሽ ደከመ እንዴ?› ብሎ አዘነልኝ። እንዲህ የሚያስብልኝ ሌላ ማን አለኝ? በመሥሪያ ቤቱም ስለ ቁጠባ ለሰው ሁሉ የሚያስረዳው እሱ ነው አሉ። ለአገር ሁሉ የሚያበራ ሰው፣ አንዲት ጓዳ ብትረሳው ይፈረድበታል?»

በመጋረጃው ሥር ሾልኮ ይታይ የነበረው ብርሃን ድርግም አለ።

«ውይ፣ ምነው ጠፋ? ቁጠባው ይቋረጣል እኮ! በኔ ምክንያት እንዳይሆን ብቻ...

ልትሄጂ ነው? ቆይ፣ ሳንመርቀውማ አትሄጂም። ክፉ አይንካው፤ ዕድሜ ከጤና ይስጠው። ልጆቹ ይደጉለት፣ ይማሩለት፣ እንደሱ አዋቂ ይሁኑለት። ሸምግሎ ዓይኑ ደክሞ፣ እሱም በተራው ጓዳ ሲቀመጥ... ልክ እሱ ለእናቱ እንዳበራላት፣ ልጆቹም እንዲሁ ያብሩለት።»