ክንፍ በምድር ሲፈተን

በደርግ ዘመን፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ አቦይ ገረዝጊሄር አሥመራ ቃሓውታ ፌርማታ ላይ ቆመው አውቶቡስ ይጠብቁ ነበር። በሄሊኮፕተር ጥገና ያረጁ መካኒክ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እሑድን ይፈሩታል፤ ሥራ ባይኖርም ቃኘው ጦር ሰፈር ወርደው ጋራዡን ዞር ዞር ብለው ያያሉ። አውቶቡሱ ነዳጅ አጥቶ ቀረ። አጠገባቸው የቆመችውን ወጣት ልብ ያሏት ያኔ ነው። ከኪየቭ ተምራ የመጣችው መሐንዲስ ሠርካለም ነበረች። አንድ ግቢ ውስጥ እየሠሩ ከአንገት ሰላምታ አልፈው አያውቁም።

«አቦይ፣ እርስዎም ዛሬ ሥራ ይገባሉ?»

«እወ ጓለይ፣ እገባለሁ ልጄ። ቤት ማን አለኝ? አንቺስ?»

«ዘመዶቼ ጎንደር ናቸው። ከኮምፒዩተሩ ጋር እውላለሁ።»

በእግር ሄዱ። ብዙ ቀን ዝም ብሎ የከረመ ሰው አፉን ሲከፍት ክርክር ይቀናዋል፤ ሽማግሌውም እንዲሁ ሆኑ።

«አትቀየሚኝና፣ ለሄሊኮፕተሩ አዲስ ተሽከርካሪ ክንፍ ሦስት ንድፍ ቀርቧል። ሠርተን እንሞክር ስንል መጀመሪያ በኮምፒዩተር ልየው ብለሽ አስቆምሽን። አብራሪው ሻምበል ጋሻው ለመብረር ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። አየርን ማን አይቶት ነው የሚቆጥረው?»

«ባይታይም ሕግ አለው፣ አቦይ። በክንፉ ዙሪያ ያለውን አየር በትንንሹ እከፋፍለዋለሁ፤ ግፊቱንና ፍጥነቱን ኮምፒዩተሩ በየቦታው ያሰላል። ከአንዱ ክንፍ ጫፍ የሚወጣው አዙሪት ተከትሎት የሚመጣውን ክንፍ ይመታዋል። የት፣ በምን ያህል ኃይል እንደሚመታው አስቀድሜ ማየት እፈልጋለሁ።»

«ኣይፋልን! የለም፣ አይሆንም! እኔ ክንፍ የማውቀው በእጄ ዳስሼ፣ ድምፁን ሰምቼ ነው።»

«ድምፁን የሚሰሙት ሰው ተሳፍሮበት ሲበር አይደለም እንዴ?»

ይህን ሲሰሙ ጓደኛቸው ተኽኣ ትዝ አላቸው። ተሻሻለ የተባለ ክንፍ ሲሞክር ወድቆ የሞተ አብራሪ ነው። ጥፋቱ የራሱ ነው ተባለ፤ ገረዝጊሄር አላመኑም፣ ግን በምን ይከራከሩ? ይህን አልነገሯትም።

«እንግዲያው ልፈትንሽ» አሉ። «መጋዘን የተጣለ አሮጌ ክንፍ አለ። ለኪውና ጠባዩን ኮምፒዩተርሽ ይንገረኝ። እኔ አንድም ቃል አልተነፍስም።»

ሠርካለም ተስማማች። ክንፉን አብረው ለኩት። ስሌቱ ቀናት ፈጀ፤ አቦይም ሻሂያቸውን እየያዙ ብቻዋን ወደምትሠራበት ክፍል ብቅ ማለት ለመዱ። በመጨረሻ አስጠራቻቸው።

«ሲነሣ ደህና ነው። ወደ ፊት ሲበርም መልካም ነው። ችግሩ ቀስ ብሎ ሲወርድ ነው። አዙሪቱ ከሥሩ አይርቅም፤ ክንፉን ደጋግሞ ይመታዋል፤ በኃይል ይንቀጠቀጣል።»

ሽማግሌው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «ጓደኛዬ ተኽኣ የወደቀው በዚህ ዓይነት ክንፍ ሲወርድ ነው» አሉና ሁሉንም ነገሯት። «እንግዲህ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም?»

«እኔ ያየሁት ክንፉን ብቻ ነው፣ አቦይ። በዚህ ክንፍ ግን ጥፋቱ የአብራሪው ነው ብዬ አልፈርምም።»

«ኮምፒዩተሩ አይሳሳትም?»

«ይሳሳታል። የተሳሳተ ልክ ካስገባሁ የተሳሳተ መልስ ይሰጠኛል። ስለዚህ ሙከራ አይቀርም። መጥፎውን ንድፍ ግን ሰው ሳይሳፈርበት ይጥልልናል።»

ስለ ሦስቱ ንድፎች ለመወሰን ስብሰባ በተጠራበት ቀን ሊቃወሙ ይመጣሉ የተባሉት አቦይ ተነሡ። «ሦስቱንም እንሥራ ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ» አሉ። «ብረቱ፣ ነዳጁ፣ ድካማችን ይተርፋል። እሱ እንኳ ይቅር፤ ብረት ይገዛል፣ ሰው አይገዛም። መጀመሪያ ልጅቷ ትየው።»

ኮምፒዩተሩ ሁለቱን ንድፎች ጣለ። ሦስተኛው ተሠርቶ መሬት ላይ ታስሮ ተሽከረከረ፤ ደህና ሲሆን ሻምበል ጋሻው ይዞት ወጣ፤ ቀስ ብሎም ወረደ። «እንደ ቅቤ ነው!» ብሎ ሳቀና ሚስቱ ምሳ እንደምትጠብቀው ተናግሮ ሄደ። ስለተጣሉት ክንፎች አልጠየቀም። ሜዳው ባዶ ሆነ።

«አላመሰገነሽም» አሉ አቦይ።

«ያልደረሰበትን ነገር በምን ያውቀዋል?»

«እኔ አውቀዋለሁ። የቐንየለይ፣ እኔ ላመስግንሽ ጓለይ።»

እሷ ወደ ኮምፒዩተሯ ተመለሰች። አቦይ ግን ወደ ቤታቸው ወደ ቃሓውታ አልሄዱም። ባልሽ በገዛ ጥፋቱ ሞተ ስትባል የኖረችው የተኽኣ ሚስት ማይ ጭሆት ነው የምትኖረው፤ ወደዚያ አቀኑ።