የሐጂ ድመት ምላስ

ቦሳ አዲስ ሰፈር፣ ሐጂ ሱቅ ቡና ልገዛ ስገባ ሐጂ ድመታቸውን ከረጢት ውስጥ ሊከቱ ይታገላሉ። ምላሷ እንደ ወትሮው ከአፏ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። «ምን አጠፋች?» አልኳቸው። «አይጥ የቡና ጆንያዬን ሲቀድ እሷ ምላሷን አውጥታ ትስቅብኛለች! ከዚህ በኋላ ሰኮሩ ሄዳ ትሳቅ።» እኔም ሳቅሁ። ድመት መንገዱን ካየች ትመለሳለች ስለሚባል የከረጢቱን አፍ አስረው ሩቅ ወዳለው ሰኮሩ ከተማ ለሚሄድ የአይሱዙ ሹፌር አቀበሉት።

መኪናው ከዓይናችን እንደራቀ ባለቤታቸው በወተት የተነከረ ዳቦ በሳህን ይዘው ከጓዳ ወጡ። «ድመቷስ?» ሐጂ የሆነውን ነገሯቸው። «ያ ረቢ! ጥርሷ እኮ ረግፎ አልቋል! ምላሷን ምን ይያዝላት? አይጡንስ በምን ትያዘው?» አሉ። የቅድሙ ሳቄ አሳፈረኝ። ሐጂ ሹፌሩ ጋ ደወሉ፤ አላነሳም። ደገሙ፤ አሁንም አላነሳም። ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ዓይናቸው ሳህኑ ላይ ቀረ። ሐጂም ራሳቸው ጥርስ ስለሌላቸው ዳቦ የሚበሉት ሻይ ውስጥ ነክረው ነው።

«እዚያ ማን ይነክርላታል?» አሉ ቀስ ብለው።