የዘለልናቸው አርባ ፍተሻዎች

ክቡራትና ክቡራን፣ ይህን ምሳ አዘጋጅታችሁ ስለሰበሰባችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ገለቶማ። ባልደረባችን ሱፊያን ኬኩ ላይ ስሜን ሳይሳሳት አስጽፎልኛል። መታወቂያዬ ላይ እንኳ እስካሁን አልተስተካከለም!

መቱ ላይ ሶፍትዌር ሠርቼ ጡረታ እወጣለሁ ብዬ መች አስቤ ነበር?

ዛሬ ግን ስለ አንድ ጥፋቴ ልናገር። የክሊኒኮችን የሕሙማን መዝገብ የሚይዘውን ፕሮግራማችንን በነካካን ቁጥር ያበላሸነው ነገር እንዳለ ለማየት ኮምፒውተሩ ስድስት መቶ ፍተሻ በራሱ ያካሂዳል። ሃምሳ ደቂቃ ይፈጅ ነበር። መብራት ከሄደ ደግሞ ከዜሮ! ቡድኑን የምመራው እኔ፣ አርባ ቀርፋፋ ፍተሻዎችን ለይቼ ምልክት አደረግሁባቸውና እንዲዘለሉ አዘዝኩ። አራት ደቂቃ! ስብሰባው ላይ አጨበጨባችሁልኝ።

ዱሬቲ ብቻ አላጨበጨበችም። ከተቀጠረች ሦስት ወሯ ነበር።

«ጋሼ፣ የተዘለሉት መቼ ነው የሚካሄዱት?»

«ጊዜ ስናገኝ።»

«መቼ ነው የምናገኘው?»

«አንቺ ልጅ፣ ሥራሽን ሥሪ!» አልኳት፣ እዚያው ስብሰባው ላይ።

አምስት ወር ሙሉ ጊዜ አላገኘንም።

ከዚያ ኸዲጃ ደወለች፤ ኡካ ውስጥ አንድ ክሊኒክ መድኃኒት የምታድለው ናት። ኔትወርክ ተቋርጦ ሲመለስ፣ ከአንዲት እናት መዝገብ ላይ «ፔኒሲሊን አይስማማትም» የሚለው ጠፍቷል። ሐኪሙም ያንኑ ፔኒሲሊን አዝዟል።

«ሴትየዋን ባላውቃት ኖሮ እሰጣት ነበር» አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ የፍተሻዎቹን ዝርዝር ከፈትኩ። ይህን ስህተት የሚይዝ ፍተሻ ነበረን። ከአርባዎቹ አንዱ ነው። የሚዘገየውም ኔትወርክ ጠፍቶ እስኪመለስ ስለሚጠብቅ ነበር።

በማግስቱ በሚኒባስ ኡካ ወረድኩ። ሴትየዋ በረንዳዋ ላይ አስቀመጠችኝና፣ «ለመሆኑ የረሳኝ ማሽኑ ነው ወይስ ሰው?» አለችኝ።

«ሰው ነው። እኔ ነኝ» አልኳት።

ተነሥታ ውኃ አመጣችልኝ።

ስመለስ ዱሬቲ አዲስ አሠራር ጽፋ ጠበቀችኝ፦ ፈጣኖቹ ለውጥ በተደረገ ቁጥር፤ ቀርፋፎቹ ዘወትር ዓርብ፤ እነሱ ሳያልፉ ወደ ክሊኒክ የሚላክ ነገር የለም። «ነግሬዎት ነበር» አላለችኝም። ብትለኝ ይቀለኝ ነበር።

ዱሬቲ፣ ለብቻሽ ይቅርታ ጠይቄሻለሁ። ያሳፈርኩሽ ግን በሰው ፊት ነውና፣ ይኸው በሰው ፊት፦ ይቅርታ አድርጊልኝ። ከሰኞ ጀምሮ ቡድኑን የምትመሪው አንቺ በመሆንሽ ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ።

ወገኖቼ፣ ፈጣሪ ጤና ይስጣችሁ፤ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ፤ እጃችሁ የነካው ሁሉ ሰው የሚጠቅም ይሁን። እኔ ሁሩሙ፣ ቀፎዎቼ ዘንድ ነኝ። ስታልፉ ጎራ በሉ፤ ማር አይጠፋም። ኑሩልኝ።