የሾዴ ጸሎት

መሪጌታ ስብሐት የሁዳዴውን ቅዳሴ አድርሰው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከቁስቋም ቁልቁል ወደ ጉለሌ ሲወርዱ ቶለሳን መንገድ ላይ አገኙት። ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ኋላ መምህራን ማሠልጠኛ ገብቶ አስተማሪ ሆኗል። እንደ ልጃቸው ይወዱታል፤ ይሁንና ሊከሱት ቆርጠዋል። ጥፋቱም እሑድ እሑድ እንጨት ለቃሚዎችን ከጥድ ሥር ሰብስቦ ወንጌልን በኦሮምኛ ማስተማሩ ነው።

“የኔታ፣ እንደምን ዋሉ?” አለ ቶለሳ ዝቅ ብሎ እጅ እየነሣ።

“እግዚአብሔር ይመስገን። ነገ ነገርህን ለደብሩ አስተዳዳሪ አቀርባለሁ። ከበስተጀርባዬ አሙኝ እንዳትል ፊት ለፊት ልንገርህ ብዬ ነው።”

“ምን አጠፋሁ፣ የኔታ?”

“እኔ ቁራሽ እየለመንሁ፣ ውሻ እየነከሰኝ ነው ዜማና ቅኔ የተማርሁት። አንተ ኮት ለብሰህ ከጥድ ሥር መምህር ሆንህ! አንተስ በቅንነት ነው እንበል፤ ነገ ሌላው የራሱን ፈጠራ ይዞ ቢመጣ ማን ይመልሰዋል? ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል።”

ሽማግሌው ቅናት ይዟቸው አልነበረም፤ ስጋታቸው የእውነት ነው። ቶለሳም ይህን ስለሚያውቅ አልተቆጣም።

“እንግዲያው መጥተው ይስሙኝ፤ ስሳሳት ያርሙኝ። ግን የኔታ፣ ሐዋርያት ሰባ ሁለት ቋንቋ የተሰጣቸው ሁሉም በየአገሩ አፍ እንዲሰማ አይደለም? አባቶቻችንስ ወንጌልን ወደ ግዕዝ የመለሱት የዘመኑ ሰው እንዲገባው ብለው አይደለም?”

“ግዕዝን ተው ልትለኝ ነው?”

“ኧረ ፈጽሞ! ግዕዙ ይኑር። ግን ለማይሰማው ሰው ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።”

“ሰው ባይሰማው እግዚአብሔር ይሰማዋል!” አሉና መሪጌታ በመልሳቸው ረኩ።

እንዲህ እየተከራከሩ መሪጌታ ደጃፍ ሲደርሱ አንዲት ሴት ተቀምጣ አገኙ። ከእንጦጦ እንጨት እያወረደች የምትሸጠው ሾዴ ናት። ባሏ ለሜሳ ታሞ ከተኛ ሰንብቷል።

“አባቴ፣ ለሜሳ ሊሞትብኝ ነው። ‘ጸልዪልኝ’ እያለ ይለምነኛል። እርስዎን ስጠብቅ ዋልሁ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከጧት።”

“ብቻውን ትተሽው? ምነው አንቺው ብትጸልዪለት?”

ሾዴ ግራ ገብቷት አየቻቸው። “በየትኛው አፌ? እኔ ግዕዝ አላውቅም። እግዚአብሔር የእኔን ቋንቋ የት ያውቀዋል?”

ነገሩ የመሪጌታን ልብ ነካው። ይቺ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆማለች፤ የሚሞት ባሏን ትታ የሰው አፍ ልትዋስ እዚህ ውላለች። ቶለሳ ሾዴን ደግፎ አስነሣት፤ ሌላ ወጣት ቢሆን “አላልሁዎትም?” ሳይል አያድርም ነበር።

ተያይዘው ሄዱ። የለሜሳ ነፍስ ገና አልወጣችም፤ ዓይኑ በሩ ላይ ነው። መሪጌታ ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አወጡና መልሰው ከተቱት።

“ሾዴ፣ እጁን ያዢ። ከባልሽ ጋር በምትነጋገሪበት ቋንቋ ለእግዚአብሔር ንገሪው።”

“ይሰማኛል?”

“እሱማ ድሮም ይሰማሽ ነበር። ያልነገርንሽ እኛ ነን።”

ሾዴ ዝግ ብላ በኦሮምኛ ጀመረች። ኋላ ድምፅዋ ጸና። ለሜሳ “አሜን” አለ፤ ሲመሻሽም እጁ በእጇ እንዳለ ዐረፈ። መሪጌታ እንደ ልጅ አለቀሱ።

ሲወጡ፣ “ነገ አስተዳዳሪው ዘንድ መሄዴ አልቀረም” አሉ። ቶለሳ አንገቱን ደፋ። “አብረን ነው የምንሄደው፤ ከጥድ ሥር ወጥተህ በደጀ ሰላሙ እንድታስተምር እለምንልሃለሁ። እኔም አጠገብህ እቀመጣለሁ።”

እንዳሉትም ሆነ። ከደጅ ቆሞ ይመለስ የነበረው ወደ ውስጥ ገባ፣ የተጣላው ታረቀ፣ ሰውም የሚያምነውን ዐውቆ ለልጁ መናገር ጀመረ። የመሪጌታም ግዕዝ አልተናቀም፤ ትርጉሙን የቀመሱ ሁሉ ዜማውን ይወዱት ጀመር። አዋቂ ሰው ተሳስቻለሁ ብሎ ሲመለስ እንዲህ ለብዙዎች ይተርፋል።

ለለሜሳ ተዝካር በተሰበሰቡ ጊዜ የሾዴ ጎረቤት ብርነሽ እያለቀሰች ገባች። “መሪጌታ፣ ልጄ ታማብኛለች፤ መጥተው ይጸልዩልኝ!”

መሪጌታ ሊነሡ መቋሚያቸውን ሲፈልጉ ሾዴ ቀደመቻቸው።

“እሳቸውም ይመጣሉ። አንቺስ ጸልየሽላታል?”

“እኔ? እኔ ምን ዐውቄ?”

“እኔም እንዳንቺ ነበርሁ” አለች ሾዴ ነጠላዋን እያጣፋች፤ “ተነሽ እንሂድ፣ አሳይሻለሁ።”