ግራው በሦስት ሴንቲሜትር

— ሄሎ?... አዎ፣ ነኝ... ማን ልበል?... ምስማር! የኢንተርኔት ማኅበራችን አናጢ! አንተ ሰው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንጻጻፍ ድምፅህ ወፍራም ይመስለኝ ነበር እኮ።

በያጁ ይህን ያለው ሊስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን አልመጣም። ሦስት ወር ሆነው፣ ሳቅም አይመጣ፣ እንባም አይመጣ። ጎረቤት «ጀግና ነው» ይለዋል። ደንዝዞ ነው እንጂ ጀግንነት የት አባቱ!

— አዎ፣ ጠፋሁ... እንዲያው ነው። በል ወደ ጉዳይህ... የዊልቸሩ ንድፍ? አዎ፣ የኔ ነው። የኔ ስልህ፣ የሁላችንም ነው፤ «ያየ ይሥራው፣ የሠራ ያርመው» ብለን አይደል ለሰው ሁሉ የለቀቅነው?... ስንት ተሠራ?... ስልሳ አንድ! እሰይ። ጎበዞች።

እሰይ ያለው አፉ ብቻ ነው።

— ሄሎ? ይቆራረጣል... የተቀመጡበት ሰዎች ምን ሆኑ?... ትከሻቸውን አመማቸው?... ሁሉም ወደ ግራ ያጋድላሉ?... አዎ፣ የግራው የክንድ መደገፊያ በሦስት ሴንቲሜትር ዝቅ ይላል... ኧረ አልተሳሳትኩም... ቆይ፣ ስልሳ አንዱንም እንደዚያው ሠራችሁት? አንድ ሰው እንኳ «ለምን?» አላለም?... «ጋሼ ካደረገው ምክንያት ይኖረዋል» ብላችሁ እኔን አመናችሁ! ጉድ እኮ ናችሁ። ምክንያትማ አለው... አንዴ ቆየኝ።

— አንቺ፣ ዊልቸሩ ላይ ያለውን ልብስ አንሺልኝ እስቲ... ሜትሩንም አቀብይኝ... ምንም አይደለም፣ ልለካው ነው።

ሚስቱ ባዶውን ላለማየት ስትል የታጠበ ልብስ ትከምርበታለች። ዛሬ አነሳችለት፤ እንዳቀፈችውም ቆመች።

— አለሁ። ቀኙ ከመቀመጫው ሃያ ሁለት... ግራው አሥራ ዘጠኝ። ክርኗ ባረፈበት በኩል ቀለሙ ተልጧል... የማን? የልጄ ነዋ። ንድፉን ያወጣሁት በሷ ልክ ነው። ግራ ጎኗ ያጋድል ነበር፤ እሷን አቅኚ ከምል ብረቱን ዝቅ አደረግኩላት... እሷማ... አርፋለች... ሦስት ወሯ... አሜን... አሜን። ኧረ በቃ፣ አንተ ደግሞ አታልቅስብኝ፤ እኔም አላለቀስኩ... አልደበቅኳችሁም። ማን ጠየቀኝ?

— ምን አልክ?... ንድፉ እንዳለ ይቆይ? ለመታሰቢያዋ?

ስልሳ አንድ ሰው፣ በየከተማው፣ በየደጁ፣ ልክ እንደ ልጁ ወደ ግራ አጋድሎ ተቀምጦ ታየው። ደስ አለው። በሦስት ወር ውስጥ የተሰማው ነገር ይህ ብቻ ነው፤ ደስ ስላለውም አፈረ።

— አለሁ፣ አለሁ... ስማኝ። የሰው ትከሻ እያሳመሙ መታሰቢያ የለም። እኩል አድርጉት፤ ሃያ ሁለት በሃያ ሁለት... እኔ እሺ ካላልኩ ለውጡ አይገባም? ይኸው እሺ ብያለሁ... ቅጹ ምን ይላል?... «የለውጡ ምክንያት»? ባዶውን ማለፍ አይቻልም?... ስህተት ብለህ እንዳትጽፍ!

ሚስቱን አያት። እሷ ሜትሩን ታያለች።

— ጻፍ እንግዲህ... «የድሮው ልክ የአንድ ሰው ነበር»... አዎ፣ በቃ... ማን ናት ካሉህማ የጋሼ ልጅ ናት በላቸው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ደግሞ ነገረኛ ናት፣ አንዴ ምን አለችኝ መሰለህ፣ ዊልቸሩን ቀለም ስቀባላት... ሄሎ?... ትሰማኛለህ?... ሄሎ? ምስማር?

«ተቋረጠ» አላት ለሚስቱ።

«ምን አለችህ?» አለችው። ልብሱን ዊልቸሩ ላይ አልመለሰችውም።