የእንጆሪው ሥር ቆራጭ

ከእስቴ እስከ ስማዳ አቻ የለውም የተባለለት የቀኛዝማች አለባቸው የእንጆሪ መደብ በአንድ ሳምንት ጠወለገ። እሳቸውም አገሬው በአረም በተወጠረበት በሐምሌ አውጫጭኝ አስጠሩ፤ ሕዝቡ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ አጥፊው እስኪታወቅ ማንም ከዚያ እንዳይንቀሳቀስ ተባለ። ይኸው ሦስተኛ ቀኑ። በምስጢር የተጠቆመውን ስም የሚያወጣው፣ «ወፍ» የሚሉት ሰው ዛሬ ማንን እንደሚጠራ ቀኛዝማች ያውቃሉ፦ በድንበር የተጣሏቸውን ጎረቤታቸውን ወይዘሮ ዘርፌን። ስሟ ከወጣ ያቺ ባል የሞተባት ሴት ልጆቿን ይዛ አገር መልቀቋ ነው።

በበቅሎ ወደ ሜዳው ሲገሰግሱ፣ ከእርሻ ትምህርት ቤት ለክረምት ዕረፍት የመጣውን ቀለመ ወርቅን መንገድ ላይ አገኙት።

«እንደምን ዋሉ ቀኛዝማች? እናቴም ሜዳው ላይ ናት አሉኝ። ምን ጠፋብዎ?»

«ምን ያልጠፋ አለ ልጄ! አምስት መቶ ችግኝ፣ ፍሬው የዶሮ እንቁላል የሚያህል! ያቺ ዘርፌ ሥሩን ከመሬት ውስጥ በቢላዋ ቆረጠችብኝ፤ ዛሬ ስሟ ይወጣል።»

«አፈሩ ተቆፍሯል?»

ቀኛዝማች ልጓሙን ያዝ አደረጉ። ይህን ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። «አልተቆፈረም። መተተኛ መች ትቆፍራለች!»

«እንግዲያው ስሟ ሳይጠራ አንዱን ተክል ነቅለን እንየው። ከተሳሳትሁ በእሷ ፋንታ የእኔን ስም ያስጠሩ።»

«አንተ! እኔ ማረስ ስጀምር አባትህ አልተወለደም!»

«አርሰዋል» አለ ቀለመ ወርቅ አንገቱን ደፍቶ፤ «እንጆሪ ግን አላረሱም።»

ሽማግሌው በንዴት ጢማቸው ቆመ፤ ቢሆንም በቅሎዋን ወደ መደቡ መለሱ።

ተክሉ በሁለት ጣት ተነቀለ፤ ሥር የለውም። ወጣቱ አፈሩን ፈልፈል ሲያደርግ እግር የሌለው፣ ራሱ ቡናማ፣ እንደ ማጭድ የጎበጠ ነጭ ትል ወጣ። ከሥሩ ሌላ፤ ከዚያ ሠራዊት።

«ቢላዋው ይኸውልዎ። እናቲቱም» አለና በመደቡ ላይ የተነጠፈውን ገለባ ገለጠ። አፏ እንደ ወስፌ የሾለ ጥቁር ጥንዚዛ ዱብ ብላ ሞትሁ አለች። «ማታ የቅጠሉን ዳር ትሸርፋለች፤ ቀን ገለባዎ ሥር ትተኛለች። እንቁላሏን ግንዱ አጠገብ ትጥላለች፤ ትሉ ወደ ሥሩ ይወርዳል።»

«ዘርፌ ናት የላከቻት!»

«ችግኙን ማን አመጣው?»

«እኔው ነኝ፣ ከአዲስ አበባ። አፈሩም እንዳይራገፍ በጨርቅ ጠቅልዬ…» ጎንበስ ብለው ትሉን ከነአፈሩ አንድ እፍኝ ዘገኑ።

ከሜዳው ይሰማ የነበረው ጫጫታ በድንገት ጸጥ አለ። ወፉ ተነስቷል ማለት ነው። ቀኛዝማች በቅሎዋን ረስተው በእግራቸው ሮጡ፤ የጋይንት ውሻ ሁሉ አይደርስባቸውም ነበር።

«አንተ ወፍ፣ ዝም በል! ዘርፌ አይደለችም!» ትል የሞላ መዳፋቸውን ዘረጉ። «ይህን አጥፊ ከነአፈሩ አገር ያስገባሁት እኔ ነኝ!»

ድንጋይ አንስተው ትከሻቸው ላይ ጫኑና ዘርፌ ፊት ተንበረከኩ።

«ድንጋዩን ያውርዱት ቀኛዝማች» አለች፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «ሦስት ቀን እዚህ አግተው ሰብሌን በአረም አስውጠውብኛል፤ ነገ ከነቤተሰብዎ መጥተው ያርሙልኛል።»

አረሙላትም። የታመመው ተክል ተቃጠለ፣ ገለባው ተነሳ፣ ትሉ ለዶሮ ተለቀመ። አዲሱ ችግኝ ሥሩ ታጥቦ፣ ራቅ ካለ ንጹሕ መሬት ላይ ተተከለ፤ በሁለተኛው ዓመት ፍሬው ለጎረቤት ተረፈ። በዚያ አጥቢያ ከዚያ ወዲህ ሰብል ሲጠወልግ ሰው መጀመሪያ ሥሩን ነቅሎ ያያል፤ ሐምሌንም በሜዳ ታግቶ ሳይሆን በማሳው ላይ ይውላል። ዘርፌም ልጆቿን እዚያው አሳደገች።