ለመስቀል የተጫነው ፈረስ

የወይዘሮ ስሜነሽ ክንዴ ዜና ሕይወት፤ መስከረም ፲፮ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. በአጥቢያቸው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ በእህታቸው ልጅ በእንየው የተነበበ።

የክረምቱ ጭቃ ሳይደርቅ፣ ለደመራ የቆረጣችሁትን እንጨት ደጃፋችሁ ጥላችሁ እናታችንን ልትሸኙ የመጣችሁ ወገኖች ሁሉ፣ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። የሟች ልጅ አቶ አዝመራው ደሴ ይህን ሲያጽፉኝ፣ የሆነው ሁሉ እንደ ሆነ ይነበብ ብለው አደራ ጥለውብኛልና፣ ያልነበረውን አልጨምርም፣ የነበረውንም አልቀንስም።

ወይዘሮ ስሜነሽ ከአባታቸው ከመሪጌታ ክንዴ አየነውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማናለብሽ ውቤ፣ በአገው ምድር አውራጃ ከዳንግላ የግማሽ ቀን መንገድ በምትገኘው በዚችው አጥቢያ ተወለዱ። ዓመቱን የከተበ ሰው ባለመኖሩ፣ እርሳቸውም ሲጠየቁ ክፉ ቀን ካለፈ ወዲህ ከማለት በቀር ሌላ ስለማይመልሱ፣ ዕድሜያቸው ሰባ ገደማ ነው ብለን እናልፋለን። ለሴት ልጅ ፊደል በማይታሰብበት በዚያ ዘመን፣ አባታቸው ታላቅ ወንድማቸውን ሲያስጠኑ እርሳቸው ከጓሮ ገብስ እየወቀጡ ውዳሴ ማርያምን በጆሯቸው ይዘው፣ ወንድምዬው በተሳሳተ ቁጥር ከጓሮ ሆነው እየሳቁ ያርሙት ስለነበር፣ እርሱ ባለማጥናቱ፣ እርሳቸው በመሳቃቸው ሁለቱም ይገረፉ ነበር ይባላል።

ለወግ ለማዕረግ ሲደርሱም በጥር ጊዮርጊስ ጉግስ ስማቸው ከሚነሣው ፈረሰኛ ከአቶ ደሴ ምህረቴ ጋር ተጋብተው፣ ከወለዷቸው ልጆች አዝመራውና የሻረግ አደጉላቸው። ቤታቸውን በአገውኛ ሲገሥጹ፣ ገበያውን በአማርኛ ሲከራከሩ የኖሩ ብርቱ ሴት ነበሩ፤ ይልቁንም እናቱ የሞተችበትን የፈረስ ውርንጭላ በላም ወተት አጥብቶ ማሳደግ የሚሆንላቸው እርሳቸው ብቻ ስለነበሩ፣ ጎረቤት ሁሉ እንደ ሕፃን ታቅፎ ያመጣላቸው ነበር። አሁን ከቅጽሩ በር የቆመው ዳማ ፈረስ በእጃቸው ያደገው የመጨረሻው ነው።

አቶ ደሴ ካረፉ በኋላ፣ በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. ክረምት፣ ወይዘሮ ስሜነሽ ድንገት ወድቀው ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ አማርኛቸውም አብሮ ሸሸ፣ አገውኛው ብቻ ቀረላቸው። አቶ አዝመራው በጫግኒ በንግድ ላይ፣ ወይዘሮ የሻረግ በአዲስ ቅዳም በአራስ ቤት ነበሩና፣ አንድ ቀን እናታቸው ከምድጃው ዳር ወድቀው፣ የቀሚሳቸው ጫፍ ተቃጥሎ ጎረቤት ደርሶ አገኛቸው። ያን ጊዜ ዘመድ ተሰብስቦ መክሮ፣ አንዲት ባልቴት ለነፍሳቸው ብለው በዳንግላ ከተማ ዳር ወዳቋቋሙት የደካሞች ቤት እንዲወሰዱ ቆረጠ። ሕዝቡ ያን ቤት የጧሪ ቀባሪ የለሾች ቤት ይለው ነበርና፣ ጧሪ ላላቸው እናት ይህ ስም ሞት ነበር። አቶ አዝመራው እናታቸውን ባስገቡበት ዕለት አላለቀሱም፤ ስለዚያ ቀን ሲጠየቁም በሩ አረንጓዴ ቀለም እንደ ነበረው ብቻ ነው የሚያስታውሱት።

ቤቱን በተመለከተ እውነቱን መናገር ይገባል። አስታማሚያቸው ወይዘሮ ወርቅነሽ አገውኛ የማይሰሙ የደብረ ማርቆስ ሰው ሲሆኑ፣ ውሃንና እሳትን፣ ሕመምንና ብርድን በአገውኛ ምን እንደሚሉ ከእርሳቸው ከከንፈራቸው እየለቀሙ ተምረው፣ በእጃቸው አጉርሰው፣ ገላቸውን አጥበው፣ ከጎን ወደ ጎን እያገላበጡ አኖሯቸው። ወይዘሮ የሻረግ በመጀመሪያ ሊጠይቁ ሲሄዱ ለጠብ ተዘጋጅተው ነበር፤ የእናታቸውን ጀርባ ገልጠው ቁስል ፈለጉ፣ ፀጉራቸውን አሸተቱ፣ ነጠላቸውን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩ፤ እንከን ባጡ ጊዜም ነጠላውን መልሰው አልብሰዋቸው እስኪመሽ ድረስ አጠገባቸው ተቀመጡ።

በአገራችን የታመመ ሲጠየቅ ባዶ እጅ አይኬድም፣ ሲሰናበቱም ባዶ አፍ አይወጣም። አቶ አዝመራውም ማርና ቆሎ ይዘው በሄዱ ቁጥር፣ ሊነሡ ሲሉ፣ አይዞሽ እማዬ፣ ለመስቀል እንወስድሻለን ይሏቸው ነበር፤ መስቀል ሲያልፍ ለገና፣ ገና ሲያልፍ ለፋሲካ ይሆናል። ይህም እግዜር ይማርሽ እንደ ማለት ያለ የመውጫ ቃል እንጂ እንደ ውሸት የሚቆጠር አልነበረም፤ እኔም ብየዋለሁ፣ እዚህ ከቆማችሁትም ያላለ የለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ቢባልም፣ እኛ ተናግረን ገና ከበሩ ሳንርቅ እንረሳው ነበር።

ወይዘሮ ስሜነሽ ግን አልረሱትም። በየበዓሉ ዋዜማ ነጠላቸውን፣ መቁጠሪያቸውንና የአቶ ደሴን የቀንድ ዋንጫ በአንድ እጃቸውና በጥርሳቸው ቋጥረው፣ ወደ አረንጓዴው በር አውጡኝ ብለው፣ ጓዛቸውን ሸክፈው ጭናቸው ላይ አድርገው መንገዱን ሲያዩ ይውሉ ነበር። ሲመሽ ወይዘሮ ወርቅነሽ መልሰው ያስገቧቸዋል፤ ቋጠሮውንም የሚፈቱት እኒሁ አስታማሚ ናቸው። ባለፈው ፋሲካ ማግስት ወይዘሮ ወርቅነሽ አቶ አዝመራውን ለብቻቸው ጠርተው፣ የማያደርጉትን አይንገሯቸው ብለው በትሕትና ቢለምኗቸው፣ አቶ አዝመራው የታመመን ሰው ተስፋ አይነሡትም ብለው ተቆጡ፤ በልባቸውም ይህች ሴት ምን አገባት አሉ።

ከፍልሰታ ፍቺ በኋላ አቶ አዝመራው እንደ ልማዳቸው ሲሄዱ፣ ነጠላው በሌላ አሮጊት ትከሻ ላይ፣ መቁጠሪያው በሌላ አልጋ ራስጌ፣ የአባታቸውም ዋንጫ በአንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ እጅ ላይ ሆኖ አገኙት። ወይዘሮ ስሜነሽ ጓዛቸውን አካፍለው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተው ነበር። አቶ አዝመራው በዚያን ቀን የመውጫውን ቃል ሳይሉ ወጡ። ወደ ጫግኒ ሄደው ሱቃቸውን ለሰው ትተው፣ እዚህ ወላጆቻቸው ቤት ገብተው ጣሪያውን ከደኑ፣ ከምድጃው የራቀ መደብ ሠሩ፣ ስለ አገላበጡና ስለ አጉራረሱም ወይዘሮ ወርቅነሽን ሄደው ጠየቁ።

መስከረም ፲፬ ቀንም ዳማውን ጭነው፣ በኮርቻው ላይ አጎዛ አንጥፈው፣ ደግፈው የሚያመጧቸውን ሁለት የሰፈር ጎልማሶች አስከትለው ዳንግላ ደረሱ። እናታቸው ግን ከሁለት ቀን በፊት ትኩሳት ይዟቸው፣ በኮርቻ ላይ ሊቀመጡ ቀርቶ ቀና ማለት ተስኗቸው ነበር። አቶ አዝመራው እመሬት ቁጭ ብለው፣ እናቴ እውነቴን ነው፣ ዛሬ እውነቴን ነው እያሉ ደጋግመው ሲናገሩ፣ ወይዘሮ ስሜነሽ በተከፈተው በር ፈረሱን አዩት፤ አወቁት። ደኅናውን እጃቸውን ልጃቸው ራስ ላይ ጭነው፣ በአገውኛ፣ «አይዞህ ልጄ፣ ለመስቀል እመጣለሁ» አሏቸው። ሲነጋ መስከረም ፲፭ ቀን ዐረፉ።

አስከሬናቸው በቃሬዛ ሲመጣ ዳማው ከነኮርቻው ተከተለ። በአገራችን ለፈረሰኛ ፈረስ ተጭኖ ከለቅሶው ፊት ይሳባል፤ ለሴት ይህ ማዕረግ ልማድ ባይሆንም፣ ኮርቻው ይፈታ ያለ ሽማግሌ አልተገኘም። አቶ አዝመራው እስካሁን አላለቀሱም፤ ልጓሙን ይዘው ቆመዋል፣ ልቀበልዎ የሚላቸውንም ሰው የሰሙ አይመስሉም።

ወይዘሮ ስሜነሽ ልጆቻቸውን አቶ አዝመራውን፣ ወይዘሮ የሻረግንና ወይዘሮ ወርቅነሽን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኛን የእህት ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ከቃሬዛው ኋላ በእግራቸው የመጡት ወይዘሮ ወርቅነሽም ከልጆቻቸው ተራ ይጻፉ ብለው አቶ አዝመራው ስላዘዙኝ፣ ከወይዘሮ የሻረግ ቀጥዬ ጽፌያቸዋለሁ፤ ልቅሶ ስትደርሱም እንደ ልጅ ታጽናኗቸው ዘንድ ቤተሰቡ ይለምናል።

ደመራው ዛሬ ማታ ይቆማል፤ እናታችንም ባሉት ቀን ደርሰዋል። እግዚአብሔር በዚያች ቤት ያረፉትን ሁሉ ይማር፣ ያልተጠየቁትንም ይጠይቅ። የእናታችንን ነፍስ ግን እኛ እንዳልነው ለመስቀል፣ ለገና፣ ለፋሲካ ሳይል፣ ዛሬውኑ ወደ ቤቱ ይውሰድልን። አሜን።